ሥራ ሳይለቁ በኦንላይን የዓለም አቀፍ ልማት ማስተርስ፦ ከመመዝገብ በፊት ምን ይታይ?

ሰብለ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬን ሳልለቅ በዓለም አቀፍ ልማት ማስተርስ በኦንላይን ልማር አስቤያለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሶሺዮሎጂ ነው፤ የምሠራው ፕሮጀክት ማስተባበር ላይ ነው። የአምስት ፕሮግራሞችን ድረ ገጽ ጎን ለጎን ከፍቼ ሳነብ ልዩነታቸው አልታይ አለኝ። ሁሉም «በሚመችዎ ሰዓት»፣ «ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው»፣ «ለመሪነት የሚያበቃ» ይላሉ።

ዘርፉን የምታውቁ እነዚህን ብትመልሱልኝ፦ በሳምንት በእውነት ስንት ሰዓት ይወስዳል? በኦንላይን የተገኘ ዲግሪ ቀጣሪ ዘንድ፣ በተለይ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘንድ፣ ተቀባይነቱ እንዴት ነው? ከሞጁሎቹ ሥራ ላይ የሚጠቅሙት የትኞቹ ናቸው? ስታቲስቲክስ ከነካሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እሱ የሌለበትን ፕሮግራም ብመርጥ ምን ይቀርብኛል? የመመረቂያ ጽሑፍ የማይጠይቁ ፕሮግራሞችም አሉ፤ እነሱስ ይሻላሉ?

መዝገብ ያዥ፦

እህቴ ሰብለ፣ ከሰዓቱ ልጀምር። ትምህርቱ ሳይከብደው ሰዓቱን ባለማስላቱ ብቻ የሚያቋርጥ ተማሪ ብዙ ነው፤ ስሌቱ ግን ቀላል ነው።

በብሪታንያ ሥርዓት አንድ ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት 10 የጥናት ሰዓት ተብሎ ይታሰባል፤ ጠቅላላው 1,800 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ኢሲቲኤስ በሚባለው የአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሲሆን ሁለት የብሪታንያ ክሬዲት እንደ አንድ ኢሲቲኤስ ይቆጠራል። በአሜሪካ አብዛኛው ፕሮግራም ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ሰዓት ነው። ቁጥሮቹን ሳታስተያዪ «ይሄኛው 180 ነው፣ ያኛው 36 ብቻ ነው» ብለሽ እንዳትሳሳቺ፤ መለኪያቸው የተለያየ ነው።

አሁን 1,800ውን በዓመታት አካፍዪው። በሦስት ዓመት ለመጨረስ በዓመት 600 ሰዓት ያስፈልጋል። ከዓመቱ 52 ሳምንት ውስጥ የሥራ ጉዞው፣ ሕመሙና በዓሉ ሲቀነስ በተጨባጭ የሚጠናበት 40 ሳምንት ገደማ ቢሆን ነው፤ በሳምንት 15 ሰዓት ወጣ። ይህ ማለት ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ አምስት ሰዓት ነው። በሁለት ዓመት ልጨርስ ካልሽ በሳምንት 22 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ከሙሉ ጊዜ ሥራ ጋር ይህን ያህል ለወራት ይዞ መዝለቅ ከባድ ነው።

ድረ ገጹ «በሳምንት ከ8 እስከ 10 ሰዓት» የሚል ከሆነ ሞጁሉ ስንት ክሬዲት እንደሆነና በስንት ሳምንት እንደሚያልቅ ተመልከቺ። ባለ 20 ክሬዲት ሞጁል 200 ሰዓት ነው። በ10 ሳምንት የሚሰጥ ከሆነ በሳምንት 20 ሰዓት ነው እንጂ 8 ሊሆን አይችልም። ሁለት ሞጁል በአንድ ጊዜ የሚያስይዝ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ሌላ ሙሉ ሥራ ጨመረብሽ ማለት ነው። የምዝገባ ክፍሉን «በአንድ ወሰነ ትምህርት አንድ ሞጁል ብቻ መያዝ እችላለሁ ወይ?» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። መልሱ «አይቻልም» ከሆነ ለሠራተኛ የተዘጋጀ ፕሮግራም አይደለም።

ሰዓቱን የሚበላው ቪዲዮው አይደለም፣ ንባቡ ነው። ለአንድ ሳምንት አራት ጽሑፍ ቢሰጥ፣ እያንዳንዱም 25 ገጽ ቢሆን 100 ገጽ ነው። የአካዳሚ ጽሑፍ ማስታወሻ እየያዙ ሲነበብ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ገጽ መሄድ ጥሩ ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ ንባቡ ብቻ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ይወስዳል።

ወደ ዕውቅናው ልለፍ። «ዓለም አቀፍ ዕውቅና» የሚለውን ሐረግ አትመኚው፤ ለዓለም ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ዕውቅና የሚሰጥ አንድ አካል የለም። ዕውቅና የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ባለበት አገር ያለ የሕግ ሥልጣን ያለው አካል ነው። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው በዚያ አገር መንግሥት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አይተሽ፣ ቀጥሎ የዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ከዩኔስኮ ጋር በሚያዘጋጀው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የመረጃ ቋት ውስጥ ስሙን ፈልጊ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዲግሪ ሲያጣራ የሚያየው ይህንኑ ቋት ስለሆነ እዚያ የሌለ ተቋም ላይ ገንዘብ አታውጪ። የውሸት ዲግሪ የሚሸጡ ድርጅቶች የራሳቸውን «ዕውቅና ሰጪ» ቢሮ ፈጥረው አርማውን ድረ ገጻቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ አርማ ማየት ብቻውን ማጣራት አይደለም።

ሁለተኛው በር ዲግሪውን የምትጠቀሚበት አገር የአቻ ግምት ቢሮ ነው። አንዳንድ አገሮች በርቀት ለተገኘ ዲግሪ የተለየ መመሪያ አላቸው። ከመመዝገብሽ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የፕሮግራሙን ስምና የማስተማሪያ ዘዴውን ጠቅሰሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ መልሱንም አስቀምጪ፤ በስልክ የተባለ ነገር ከሦስት ዓመት በኋላ አያስኬድም። ዩኒቨርሲቲውንም አንድ ነገር ጠይቂው፦ ዲፕሎማው ወይም ትራንስክሪፕቱ ላይ «በኦንላይን» የሚል ይጻፋል? በብዙ ተቋማት ዲፕሎማው ላይ አይጻፍም፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን ሊኖር ይችላል።

በተባበሩት መንግሥታት በኩል የሚታየው ሥርዓት ይህ ነው፦ ለፒ2 የባለሙያ ደረጃ ማስተርስና ሁለት ዓመት፣ ከፍ ላለው ለፒ3 ማስተርስና አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። በብዙ ማስታወቂያ ላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ሁለት ተጨማሪ ዓመት ልምድ ካለው በማስተርስ ምትክ ይያዝለታል። ስለዚህ ሥራ ላይ ሆነሽ መማርሽ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዲግሪውና ልምዱ አብረው ይቆጠሩልሻል። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፤ የኦንላይን ትምህርት የተማሪ ቪዛ አያሰጥም፤ ከምረቃ በኋላ በዚያ አገር ቆይቶ የመሥራት መብትም አያስገኝም።

ክፍያው ላይ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ በሞጁል ነው ወይስ በዓመት የሚከፈለው? ጊዜ ቢራዘም የመቆያ ክፍያ አለ? ፈተና ቢደገም ስንት ነው? በሞጁል የሚከፈለው ለሠራተኛ ይሻላል። የብሪታንያ ሥርዓት ደግሞ በ60 ክሬዲት የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት፣ በ120 የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይዞ መውጣት ያስችላል። መጀመሪያ ለሰርተፊኬቱ ተመዝግበሽ ክሬዲቱ ወደ ማስተርሱ እንደሚዛወር በጽሑፍ ማረጋገጫ ከያዝሽ ኪሳራሽ የተወሰነ ይሆናል። «ስኮላርሺፕ አገኛለሁ» ካልሽም አስቀድመሽ መመሪያውን አንብቢ፤ ብዙዎቹ ስኮላርሺፖች የኦንላይን ተማሪን አይጨምሩም። የኮመንዌልዝ የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕ በተለይ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው፤ የሚሰጠው ግን ለተወሰኑ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ብቻ ነው።

አመልካች፦

መዝገብ ያዥ ሰዓቱንና ዕውቅናውን በደንብ አስረድቷል። እኔ ወደ ሞጁሉ ልግባ፣ ምክንያቱም የፕሮግራሙ ስም ምንም አይነግርሽም። «ዓለም አቀፍ ልማት» በሚል ስም የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚያስተምር አለ፤ ኢኮኖሚክስ የሆነ አለ፤ የፕሮጀክት አስተዳደር ሥልጠና የሆነም አለ። ሦስት ነገር አስልኪ፦ የግዴታ ሞጁሎች ዝርዝር፣ የአንድ ሞጁል የንባብ ዝርዝርና የምዘናው ዓይነት። ሦስቱን ለመላክ የሚያንገራግር ተቋም ተከፍሎት እንዴት ሊያገለግልሽ እንደሚችል ከወዲሁ አሳይቶሻል።

የስታቲስቲክስ ጥያቄሽን በአንድ ምሳሌ ልመልስ። የዓለም አቀፉ የብዝኃ ገጽታ ድህነት መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ በሚወጡ ሪፖርቶች ላይ የምታይው ነው። ሦስት ዘርፍ አለው፤ ጤና፣ ትምህርትና የኑሮ ደረጃ፤ ሦስቱም እኩል ክብደት አላቸው። በጤና ሥር የተመጣጠነ ምግብና የሕፃናት ሞት፣ በትምህርት ሥር የትምህርት ዓመታትና የልጆች ትምህርት ቤት መገኘት አሉ፤ እነዚህ አራቱ እያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ ይይዛሉ። በኑሮ ደረጃ ሥር ያሉት ስድስቱ ማለትም ማገዶ፣ መጸዳጃ፣ የመጠጥ ውኃ፣ መብራት፣ የቤቱ አሠራርና ንብረት እያንዳንዳቸው አንድ አሥራ ስምንተኛ ናቸው። የተነፈገችው ነገር ተደምሮ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነች ቤተሰብ ድሃ ተብላ ትቆጠራለች።

አሁን አንዲት ቤተሰብ አስቢ፦ መብራት የላትም፣ በእንጨት ታበስላለች፣ መጸዳጃዋ ደረጃውን ያልጠበቀ ነው፣ የቤቷ ወለል አፈር ነው። አራት አሥራ ስምንተኛ፣ ማለትም 22 በመቶ ነው፤ ሲሶ ስላልደረሰ ድሃ ተብላ አትቆጠርም። ከልጆቿ አንዱ ትምህርት ቤት ካልሄደ ግን ሦስት አሥራ ስምንተኛ ይጨመራል፤ ሰባት አሥራ ስምንተኛ ወይም 39 በመቶ ሆነ፤ አሁን ድሃ ናት። መለኪያው የሚገኘው የድሆቹን ድርሻ በድሆቹ አማካይ የእጦት መጠን በማባዛት ነው። ከ100 ሰው 40ው ድሃ ቢሆን፣ የእያንዳንዳቸው እጦትም 50 በመቶ ቢሆን 0.40 ሲባዛ በ0.50፣ 0.20 ይሆናል። ለእነዚህ መብራት ያልነበራቸው 40 ሰዎች በሙሉ መብራት የሚያስገባ ፕሮጀክት ቢመጣ አማካይ እጦታቸው ወደ 44.4 በመቶ ይወርዳል፤ መለኪያው 0.178 ሆነ። የድሆቹ ቁጥር ግን አሁንም 40 ነው! ማንም ከድህነት አልወጣም።

ይህን የማይረዳ አስተባባሪ «ድህነት በ11 በመቶ ቀነሰ» የሚል ሪፖርት ይጽፋል፤ አንባቢው ደግሞ ሰዎች ከድህነት ወጡ ብሎ ይረዳል። ስታቲስቲክስን ዘልለሽ ብትመረቂ የሚቀርብሽ ይህ ነው፤ ማባዛትና ማካፈል ከቻልሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። ስለዚህ ምክሬ ተቃራኒው ነው፤ ስታቲስቲክስ ወይም የምርምር ዘዴ ግዴታ የሆነበትን ፕሮግራም ምረጪ። ፍርሃቱ የሚለቀው ከመመዝገብ በፊት ባሉት ሁለት ወራት መቶኛ፣ አማካይ፣ ሚዲያን፣ መደበኛ ልይይትና ናሙና አወሳሰድን በመከለስ ነው። የተለዋዋጮችን ግንኙነት የሚለካውን ሪግሬሽንን ትምህርቱ ላይ ትደርሺበታለሽ።

ከንድፈ ሐሳቡ አትሽሺ፤ ግን ከቁጥርና ከተጨባጭ ጉዳይ ጋር የሚያስተሳስር ይሁን። አገሮች ሁሉ በተመሳሳይ ደረጃዎች ያድጋሉ የሚለው የሮስቶው የዕድገት ደረጃዎች እ.ኤ.አ. በ1960፣ ቀጥሎ የድሃ አገሮችን ድህነት በሀብታሞቹ ላይ ካላቸው ጥገኝነት ጋር የሚያያይዘው የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ፣ ገበያን ነፃ ማድረግን የሚመክረውና እ.ኤ.አ. በ1989 ስሙ የወጣለት የዋሽንግተን ስምምነት፣ ልማትን በሰዎች የመምረጥ አቅም የሚያየው የአማርትያ ሴን የአቅም አስተሳሰብ፣ ማህቡብ ኡል ሐቅ የመሩት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሰብአዊ ልማት መለኪያ፤ እነዚህ ታሪክ ብቻ አይደሉም። ዛሬ ጠረጴዛሽ ላይ የሚመጣው ፕሮፖዛል ከእነዚህ በአንዱ እምነት ላይ የቆመ ነው። «መንገድ ከተሠራ ገበያ ይመጣል» የሚለውና «ሰዎች መምረጥ የሚችሉበት አቅም ካላገኙ መንገዱ ብቻውን አይበቃም» የሚለው ሁለት የተለያዩ የልማት እምነቶች ናቸው፤ አመልካቾቻቸውም ይለያያሉ።

ጥሩ ሞጁልን ከደካማው የምትለይበት አንድ ምልክት ልንገርሽ። የዘፈቀደ ድልድል ሙከራን፣ ማለትም ሰዎችን በዕጣ ድጋፍ የሚያገኙና የማያገኙ ብሎ ከፍሎ ውጤታቸውን ማወዳደርን፣ የሚያስተምር ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙትን ባነርጂን፣ ዱፍሎንና ክሬመርን ብቻ አያቀርብም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሸለመው አንገስ ዲተን በዘዴው ላይ ያቀረበውን ትችትም አብሮ ያስነብባል፤ አንድ ቦታ የሠራ ነገር ሌላ ቦታ ለምን ላይሠራ እንደሚችል ማለት ነው። አንዱን ወገን ብቻ የሚያስነብብ ሞጁል ሃይማኖት ይመስላል።

የክትትልና ግምገማ ሞጁል ካለ ያዢው፤ ሎግፍሬምን (የፕሮጀክቱን ዓላማ፣ ሥራና አመልካች የሚያሳየውን ሠንጠረዥ) እና የለውጥ ንድፈ ሐሳብን (ሥራው ወደ ውጤት እንዴት እንደሚያደርስ የሚገልጸውን) ብቻ አይቶ የሚቆም ከሆነ ግን ያንስሻል፤ እነሱን ሥራ ላይም ታገኚያቸዋለሽ። የምትፈልጊው የግምገማ ጥያቄ መቅረጽን፣ የናሙና መጠን ማስላትንና የበለጸጉ አገሮች ድርጅት የሆነውን የኦኢሲዲን ስድስት የግምገማ መስፈርቶች የሚያስተምር ነው፤ እነሱም አግባብነት፣ ቅንጅት፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ተፅዕኖና ዘላቂነት ናቸው። ቅንጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የተጨመረ ነው። የሞጁሉ መግለጫ አሁንም አምስት መስፈርት ብቻ የሚዘረዝር ከሆነ ከዚያ ወዲህ አልታደሰም።

ሰብለ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የመብራቱ ምሳሌ በተለይ ዓይኔን ገለጠልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ለዳታ ትንተና ከሚያገለግሉት ሶፍትዌሮች ስታታን ልማር ወይስ አርን? የመመረቂያ ጽሑፉንስ የምሠራበት ድርጅት ተጠቃሚዎች ላይ ባደርገው ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ይፈቀዳል?

ቀለም፦

ሰብለ፣ አርን ተማሪ፤ ነፃ ነው፣ ከተመረቅሽ በኋላም ፈቃድ አያልቅብሽም። ስታታ ጥሩ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ፈቃዱን ከሰጠሽ ተጠቀሚበት፤ ከምረቃ በኋላ ግን የራስሽን መግዛት ይኖርብሻል። አንዱን በደንብ ያወቀ ሌላውን በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል። ለመጠይቅ መሰብሰቢያ ኮቦ ቱልቦክስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለማጣቀሻ ዞተሮ የሚባለውን ሶፍትዌር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪ። 60 ማጣቀሻ በእጅ ማስተካከል ሁለት ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ያውም ስህተት አያጣውም።

የመመረቂያ ጽሑፉን በተመለከተ፣ ይፈቀዳል፤ ግን ቀላሉ መንገድ አይደለም። አስቢው፤ አንቺ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ነሽ፤ «ፕሮጀክቱ ጠቅሞሻል ወይ?» ብለሽ ተጠቃሚዋን ስትጠይቂ ቀጣዩ ድጋፍ እንዳይቀርባት ብላ የምትፈልጊውን ትመልስልሻለች። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይህን ያውቃል፤ ለዚያም ነው ማመልከቻውን ደጋግሞ የሚመልሰው። ፈቃድ ሳይገኝ የተሰበሰበ ዳታ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ አይገባም፤ «ለሥራ ሰብስቤው ነበር» የሚለው ምክንያት ብዙ ጊዜ አይሠራም። ብዙ ተማሪ መጠይቁን በትኖ ከጨረሰ በኋላ ነው ይህን የሚሰማው።

ለኦንላይን ተማሪ የሚቀለው የተሰበሰበ ዳታ ላይ መሥራት ነው። የዓለም ባንክ የቤተሰብ ኑሮ ጥናቶች፣ የዩኒሴፍ ሚክስ ጥናቶችና አፍሮባሮሜትር በምዝገባ ብቻ በነፃ ይወርዳሉ። ለነዚህም ቢሆን የሥነ ምግባር ቅጽ ይሞላል፤ ግን አጭር ነው። ዳታውን ጥያቄው ከመጽደቁ በፊት አውርደሽ መክፈት አለብሽ። የምትፈልጊው ተለዋዋጭ አለ ወይ? ስንት መልስ ሰጪ ባዶ ተወው? ባዶው ከበዛ ጥያቄው ቆንጆ ቢሆንም አይሠራም።

ጥያቄውን አጥብቢ። «የማይክሮ ብድር በሴቶች ኑሮ ላይ ያለው ተፅዕኖ» ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። «በዚህ የጥናት ዙር፣ በገጠር በሚኖሩ ባለትዳር ሴቶች መካከል፣ ብድር የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በቤት ወጪ ላይ በራሳቸው ይወስናሉ ወይ?» ይህ ጥያቄ ነው። ቀጥሎ አማካሪሽ የሚጠይቅሽ «ብድር የሚወስዱት ቀድሞውንም ጠንካራ የነበሩት ሴቶች ቢሆኑስ?» ብሎ ነው። መልሱን በፕሮፖዛሉ ላይ ጻፊው፤ ተፅዕኖ ነው ብለሽ መደምደም ካልቻልሽ «ግንኙነት» በዪው። በዚህ አንድ ቃል ብዙ ነጥብ ይድናል።

የ60 ክሬዲት የመመረቂያ ጽሑፍ 600 ሰዓት ነው፤ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ10,000 እስከ 15,000 ቃል ይሆናል። በ24 ሳምንት ቢከፋፈል አራቱ ለጥያቄውና ለንባቡ፣ አራቱ ለሥነ ምግባር ፈቃዱ፣ ስድስቱ ለዳታው፣ ስምንቱ ለመጻፉ፣ ሁለቱ ለማረሙ ይሆናል። በሳምንት 25 ሰዓት ነው፤ የዓመት ፈቃድሽን ለዚህ አስቀምጪው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሌለው ፕሮግራምስ ላልሽው፣ ሦስተኛ ዲግሪ የመቀጠል ሐሳብ ካለሽ አትምረጪው። ሐሳቡ ከሌለሽ በምትኩ የሚሠራውን እይ፤ እውነተኛ የግምገማ ሪፖርት ወይም የፖሊሲ ጽሑፍ የሚያሠራ ከሆነ ለቀጣሪ የሚታይ ነገር ይዘሽ ትወጫለሽ። በሁለት ተጨማሪ ሞጁል ብቻ የሚተካው ግን ባዶ ነው።

ስለ አሳይመንቱም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ከሥራ የሚመጡ ሰዎች በጣም የሚጎዱት እዚህ ነው። የሪፖርት ልማድ ይዘው ይመጣሉ፤ ሪፖርት ደግሞ የሆነውን ይዘረዝራል። ጥያቄው «ቀጥተኛ የገንዘብ ድጋፍ ከእህል እርዳታ ይሻላል የሚለውን ክርክር ገምግሙ» ቢል፣ ደካማው መልስ ገንዘብ ድጋፍ ምንድን ነው፣ እህል እርዳታ ምንድን ነው፣ የሁለቱ ጥቅምና ጉዳት ብሎ ይጨርሳል። ጠንካራው መልስ አቋም ይዞ ይነሳል፦ «ገንዘቡ የሚሻለው ገበያው ተጨማሪ ፍላጎትን የሚያሟላ እህል ማምጣት ሲችል ነው፤ መንገድ በተዘጋበት አካባቢ ግን ያው ገንዘብ ዋጋ ያንራል፣ ድጋፉን ያላገኘውንም ይጎዳል።» ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ አንቀጽ ይህን አቋም ወይ ይደግፋል ወይ ይፈትናል።

3,000 ቃል ከተሰጠሽ ለመግቢያው 250፣ ለሦስት መከራከሪያ 800፣ 800፣ 800፣ ለማጠቃለያው 350 ቃል መድቢ። በብሪታንያ አሰጣጥ ማለፊያው 50፣ ሜሪት 60፣ ዲስቲንክሽን 70 ነው፤ ስለዚህ 64 ስታገኚ እንዳትደነግጪ፤ ጥሩ ነጥብ ነው። ማስረከቢያ ሰዓቱ የሚቆጠረው በዩኒቨርሲቲው ሰዓት ነው፤ አንዳንድ አገሮች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ መጋቢትና ጥቅምት ላይ ልዩነቱን እንደገና አስዪ። አሳይመንቱን አንድ ቀን ቀድመሽ ጫኚ፤ የተቋረጠ ኢንተርኔት ሁልጊዜ እንደ ምክንያት አይቆጠርም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በሚመለከት መመሪያው በየሞጁሉ ስለሚለያይ ለየብቻ አንብቢ። በየትኛውም ቦታ የማይታለፈው ግን የሌለ ማጣቀሻ ነው። መሣሪያው ደራሲ፣ ዓመትና ርዕስ አሳምሮ ይፈጥራል፤ ሄደሽ ስትፈልጊው ጽሑፉ የለም። ይህ እንደ ስህተት ሳይሆን እንደ ማጭበርበር ሊያስቀጣ ይችላል። ያላነበብሽውን አትጥቀሺ።

ድልድይ፦

በሥራ ገበያው ላይ ጥቂት ልጨምር፤ የተባለውን እቀበላለሁ፣ በአንድ ነገር ግን እለያለሁ። «ዓለም አቀፍ ልማት» በሚል አጠቃላይ ስም መመረቅ ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። የአሜሪካ የልማት እርዳታ ድርጅት ዩኤስኤድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በይፋ ተዘግቶ ቀሪ ሥራው ወደ አገሪቱ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል። ብሪታንያም የእርዳታ በጀቷን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እ.ኤ.አ. እስከ 2027 ለማውረድ ወስናለች፤ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1970 ያስቀመጠው ግብ 0.7 በመቶ መሆኑን ልብ በዪ። ሥራ ያጡ ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለተመሳሳይ ክፍት ቦታ እየተወዳደሩ ነው። «ልማት ተምሬያለሁ» ብቻ ብሎ በእነዚህ መካከል ማለፍ ከባድ ነው።

ስለዚህ አመልካች ካለው አንድ እርምጃ ልሂድ፦ የምርምር ዘዴው እንዳለ ሆኖ በዚያው ማስተርስ ውስጥ አንድ ዘርፍ ያዢ። የመንግሥት ፋይናንስ፣ የአየር ንብረት ለውጥ መላመድ፣ የጤና ሥርዓት፣ የማኅበራዊ ጥበቃ፤ ከእነዚህ ቢያንስ 40 ክሬዲትና የመመረቂያ ጽሑፉ በአንዱ ላይ ይረፍ። እነዚህ ሙያዎች የውጭ እርዳታ ቢቀንስም የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባንክና የግል ድርጅት ይፈልጋቸዋል። ምርጫ ሞጁል የማይሰጥ፣ ሁሉም ግዴታ የሆነበት ፕሮግራም ለዚህ አይመችም።

ስታቲስቲክሱ አሁንም ካስፈራሽ ከማስተርሱ በፊት አንድ የኦንላይን ኮርስ ሞክሪ። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮማስተርስ የዳታ፣ የኢኮኖሚክስና የፖሊሲ ቀረጻ ኮርሶች ከባነርጂና ከዱፍሎ ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ትምህርቱን ያለ ሰርተፊኬት መከታተል ይቻላል። እዚያ ሦስት ሳምንት ከቆየሽ አቅምሽን ራስሽ ታውቂዋለሽ። ማይክሮማስተርስ ግን ማስተርስ አይደለም፤ ክሬዲቱን የሚቀበሉት የተወሰኑ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፣ ሲቪ ላይም በትክክለኛ ስሙ ጻፊው።

ለማመልከቻው፦ ትራንስክሪፕትና ዲግሪ፣ ሲቪ፣ የዓላማ መግለጫ፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት። አይኤልትስ በብዙ ቦታ 6.5 ይጠየቃል፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ስለሆነ ቀድመሽ ተፈትነሽ እንዳያልፍብሽ። ከደብዳቤዎቹ አንዱ ከቀድሞ መምህር ይሁን፤ ሁለቱም ከድርጅት ወይም ከዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ቢላኩ ይመረጣል፣ በግል ኢሜይል የመጣውን የማይቀበል ተቋም አለ። የዓላማ መግለጫው ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወድ ነበር» አትበዪ፤ ሥራ ላይ መልስ ያጣሽለትን አንድ ጥያቄ ጻፊ፣ ከዚያ የትኛው ሞጁል እንደሚመልስልሽ በስሙ ጥሪ።

ሰብለ፦

ተመስገን፣ አሁን የምጠይቀውን ዐወቅሁ። ዛሬ ማታ ለአምስቱም የምልከው ኢሜይል ይኸው ነው፦ የግዴታ ሞጁሎች ዝርዝርና የምርምር ዘዴ ሞጁሉ የንባብ ዝርዝር፣ ሞጁሉ የሚሰጥበት ሳምንት ብዛት፣ አንድ ሞጁል ብቻ መያዝ ይቻል እንደሆነ፣ ከሰርተፊኬት ወደ ማስተርስ ክሬዲት የሚዛወርበት ደንብ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ የማስተማሪያ ዘዴው ይጻፍ እንደሆነ። የረሳሁት አለ?

መዝገብ ያዥ፦

የቀጥታ ክፍለ ጊዜዎቹ በስንት ሰዓት እንደሚሰጡና ተቀርጸው ይቀመጡ እንደሆነ ጨምሪበት። ፈተና በካሜራ ቁጥጥር የሚሰጥ ከሆነም ምን ያህል የኢንተርኔት ፍጥነት እንደሚጠይቅ ይንገሩሽ። በመጨረሻም ምዝገባው ቢበዛ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጠይቂ፤ ሥራ የሚበዛበት ዓመት መምጣቱ አይቀርም፣ ያኔ ለአንድ ዓመት አቋርጠሽ መመለስ መቻልሽን ከአሁኑ ማወቅ አለብሽ።